ከፔንግዊኖቹ በፊት ያሉት ሁለት ቀናት

በትንንሽ የቅንጦት መርከቦች ወደ አንታርክቲካ የሚጓዙ ሰዎች የሚጽፉትን ማስታወሻ ማንበብ ከያዘኝ ሰንበትበት ብሏል። አብዛኞቹ ጽሑፎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ የሚጀምሩት በሦስተኛው ቀን ነው። ፔንግዊኖቹ ተሰልፈው ሲያልፉ፣ ሰማያዊው በረዶ ከባሕሩ ላይ ብቅ ሲል፣ ዓሣ ነባሪው ጭራውን ሲያነሣ። ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ፤ ባሕሩ ተናወጠ፣ ታመምን፣ አለፈልን። ጸሐፊው ለእነዚያ ሁለት ቀናትም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ከፍሏል፤ ሆኖም እንደ ባከኑ ቀናት ይቆጥራቸዋል። ይህን ስሜት የተረዱ ኩባንያዎችም ሁለቱን ቀናት ከጉዞው ፈጽሞ የሚያስወግድ አማራጭ አቅርበዋል። ከፑንታ አሬናስ፣ ከቺሊ ደቡባዊ ከተማ፣ በአውሮፕላን ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ያህል ኪንግ ጆርጅ ደሴት ላይ መውረድ፣ መርከቡንም እዚያው መሳፈር።

እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከዚያ ጉዞ ላይ ቀን መቀነስ ግድ ቢሆን ከመጨረሻዎቹ ይቀነስ እንጂ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አንዲት ሰዓት መነካት የለባትም።

ነገሩ የሚጀምረው በኡሿያ ወደብ ነው። ኡሿያ በቲዬራ ዴል ፉዌጎ ደሴት ላይ፣ ቢግል በሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ዳር፣ ከተራሮች ሥር የተቀመጠች የአርጀንቲና ከተማ ናት። መርከቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ እንግዶቹን ይቀበላል። ሻንጣው ከባለቤቱ ቀድሞ ክፍሉ ገብቶ ይጠብቃል። ሻምፓኝ በብርጭቆ ይዞራል። እንግዳው አልጋውን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ፣ መታጠቢያ ቤቱን ከፍቶ አይቶ፣ ገና መጋረጃውን ሳይገልጥ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ያስተጋባል፤ ሰባት አጭር፣ አንድ ረዥም። ሁሉም የነፍስ አድን ሰደርያውን ይዞ ወደ መሰብሰቢያው ይውረድ ማለት ነው።

ይህ ልምምድ ለይስሙላ የሚደረግ የሚመስለው ሰው ታሪኩን ባያውቅ ነው። በጥር ወር 2012 እ.ኤ.አ. ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው ግዙፍ መርከብ ከጣልያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተላትማ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ዕለት ከተሳፈሩት መካከል ብዙዎቹ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። የዚያን ጊዜው ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢደረግ ይበቃል ይል ነበርና። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ከመነሻው በፊት ወይም እንደተነሡ ወዲያው እንዲሆን ተደነገገ።

ይህኛው መንገድ ደግሞ የራሱ ትዝታ አለው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ተብላ መጀመሪያ የተሠራችው መርከብ ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር ትባል ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ያሠራት ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ የተባለ በትውልዱ ስዊድናዊ፣ በኑሮው አሜሪካዊ የሆነ ነጋዴ ነው። ሰውዬው ከዚያ በፊት በ1966 እ.ኤ.አ. ከአርጀንቲና ባሕር ኃይል በተከራየው መርከብ 57 ጎብኚዎችን ወስዶ ነበርና የአንታርክቲካ ጉብኝት አባት የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ያች ቀይ ቀለም የተቀባች ትንሽ መርከብ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ተኩል በላይ በበረዶው መካከል ስትመላለስ ኖራ፣ እኛ የሚሌኒየሙን በዓል ባከበርንበት ዓመት፣ ኅዳር 13 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከኪንግ ጆርጅ ደሴት አቅራቢያ በረዶ ጎኗን ቀድዶት ሰጠመች። በላይዋ የነበሩት 154 ሰዎች ለሰዓታት በነፍስ አድን ጀልባዎች ውስጥ በብርድ ከቆዩ በኋላ ኖርድኖርጌ የምትባል የኖርዌይ መርከብ ደርሳ ሁሉንም አነሣቻቸው፤ አንድም ሰው አልሞተም። እንግዲህ ሻምፓኙን አስቀምጦ ሰደርያውን የሚያነሣው ተሳፋሪ ይህን ቢያውቅ፣ በመጀመሪያው ምሽት ከተደረገለት ነገር ሁሉ እውነተኛው መስተንግዶ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አይቸገርም።

ስለ ቅንጦት እንነጋገር። በአማርኛችን ቃሉ ራሱ ወቀሳ ያዘለ ነው። «ቅንጦት ነው» ስንል አያስፈልግም ማለታችን ነው፤ «አትቀናጣ» የሚባለው የቀረበለትን የሚያማርጥ ልጅ ነው። ኩባንያዎቹ የሚሸጡትን ነገር ለመግለጽ ድሎት ወይም ምቾት ማለት ይቀል ይሆናል፤ እኔ ግን ቅንጦት የሚለውን የመረጥሁት ወቀሳውን ላለማጣት ነው። የትንሿ መርከብ ቅንጦት እንደ ትልልቆቹ በወርቅ ቅብ ደረጃ፣ በቴአትር አዳራሽና በገበያ ማዕከል አይለካም። የምትሸጠው ማነስን ነው። ሕዝቡ ጥቂት ነው፣ ሰልፍ የለም፣ በመጀመሪያው እራት ላይ አስተናጋጁ በስምህ ይጠራሃል፤ በማግሥቱ ቡናህን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ ያውቃል። ተጓዦቹ በማስታወሻዎቻቸው ከምንም በላይ የሚያደንቁት ይህንኑ ነው። «ቤተሰብ ሆንን» ይላሉ።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። አስተናጋጁ የመቶ ሰዎችን ስም በአንድ ሌሊት ያጠናው ስላፈቀራቸው አይደለም። ሥራው ስለሆነ ነው፤ ያውም ከባዱ የሥራው ክፍል። በጣም ውድ በሆኑት ትንንሽ መርከቦች ላይ የሠራተኛው ቁጥር ከተሳፋሪው ቁጥር ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከፊሊፒንስና ከመሰል አገሮች ለወራት ውል ፈርመው የመጡ ሲሆኑ፣ የሚያድሩት ተሳፋሪው በማያልፍባቸው በሮች ጀርባ፣ ከታችኛዎቹ ወለሎች ላይ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የመርከበኞች የሥራ ስምምነት ለአንድ ባሕርተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል ይላል። ይህ ለሠራተኛው የተገኘ ድል ነው፤ አልክደውም። ግን አንባቢ ሆይ፣ ሒሳቡን ገልብጠህ ሥራው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 77ቱ ሲቀነስ 91 ይቀራል። በሕጉ ውስጥ ሆኖ፣ ማንም ሳይከሰስ፣ አንድ ሰው በሳምንት እስከዚያ ድረስ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ፈገግታው የዚያ ሰዓት አካል ነው።

ይህን ከሚያነቡት መካከል በቤይሩት ወይም በዱባይ የሰው ቤት ያስተዳደሩ፣ በዋሽንግተን ሆቴሎች አልጋ ያነጠፉ፣ የእንግዳን ስም ከነአመሉ አጥንተው የራሳቸው ስም ግን በትክክል ተጠርቶ የማያውቅ እኅቶችና ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነርሱ ማስረዳት አያሻኝም። አገራችንም ከባሕር በር ከራቀች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆናትም ለዓለም መርከቦች ባለሙያ ታቀርባለች፤ በጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን ተቋም አለ። የእነዚያ ልጆች መድረሻ በአብዛኛው የጭነት መርከብ ነው፤ ይሁን እንጂ የሞተር ክፍል የትም የሞተር ክፍል ነው፣ መስኮት የለውም።

ታዲያ «ቤተሰብ ሆንን» የሚለው ሁሉ ሐሰት ነው? በመጀመሪያው ምሽት፣ አዎን። በሁለተኛው ሌሊት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የሚለውጠውም ባሕሩ ነው።

መርከቡ ከቢግል መተላለፊያ ወጥቶ ኬፕ ሆርንን ወደ ኋላ ሲተው ድሬክ ወደሚባለው ባሕር ይገባል። ስሙ የተሰጠው በ1578 እ.ኤ.አ. ማዕበል ወደ ደቡብ ለገፋው እንግሊዛዊ መርከበኛ ለፍራንሲስ ድሬክ ነው፤ እስፓንያውያን ግን ከእርሱ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቀድሞ በአካባቢው የደረሰ የራሳቸው ሰው ነበር በማለት የሆሴስ ባሕር ይሉታል። በጠባቡ በኩል 800 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በዚያ ኬክሮስ ምድርን ብትዞራት ነፋሱንም ውኃውንም የሚያቆም አንድም የብስ የለም። ስለዚህ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አንታርክቲካን እየከበበ ሳያርፍ የሚነጉደው የባሕር ሞገድ በዚህ በር ይሾልካል፤ በየሰከንዱ ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ። የዓለም ወንዞች ሁሉ፣ ዓባይንና አማዞንን ጨምሮ፣ በአንድነት ወደ ባሕር የሚያፈስሱት የዚህን መቶኛ ያህል ነው።

አንዳንዴ ባሕሩ እንደ ሐይቅ ይረጋል፤ ልማደኞቹም በቀልድ «የድሬክ ሐይቅ» ይሉታል። ሲቆጣ ግን በአገናኝ መንገዶቹ ግድግዳ ላይ፣ ከእጅ መደገፊያው ጀርባ፣ የወረቀት ከረጢቶች ተሰክተው ይታያሉ፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ሰዎች ከጆሯቸው ጀርባ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለጥፈው ይንቀሳቀሳሉ። ሳህን እንዳይንሸራተት የጠረጴዛው ጨርቅ በውኃ ይረጥባል። የሚሄድ ሁሉ አንድ እጁን ለመርከቡ ትቶ በሌላው ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስፈግገኛል። በመርከብ ላይ ውዱ ክፍል ከላይ ነው፤ ሰፊ በረንዳ፣ ሰፊ አልጋ፣ ሰፊ ዕይታ ያለው። ርካሹ ደግሞ ከታች፣ ከመሐል፣ በትንሽ ክብ መስኮት። መርከብ ሲወዛወዝ ግን ልክ እንደ ዛፍ ነው፤ ጫፉ ይወናጨፋል፣ ግንዱ እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ በድሬክ ሌሊት ከሁሉ አብዝቶ የሚሠቃየው ከሁሉ አብዝቶ የከፈለው ነው። ከታች ያደረው ተሳፋሪ፣ ከእርሱም በታች ያደረው ሠራተኛ፣ ከባለ በረንዳው ይልቅ ተኝቶ ያነጋል። ኩባንያው ያወጣው የዋጋ ዝርዝር በባሕሩ እጅ ለአንድ ሌሊት ተገልብጦ ይነበባል።

በዚያ ሌሊት ስም ማወቅ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ጎበዝ የሚባለው ሰው ፊቱ አመድ መስሎ ከአልጋው መነሣት ሲያቅተው፣ ደረቅ ብስኩትና ዝንጅብል ይዛ በሩን የምታንኳኳው ሴት ስሙን ስትጠራው የተከፈለበት ስም መሆኑ አይቀርም፤ ደመወዟ አልተለወጠም። ነገር ግን እርሷም ቆማ የምትሄደው በዚያው በሚወዛወዝ ወለል ላይ ነው፤ እርሱም አሁን የሚያያት ከታች ወደ ላይ ነው። ተጓዦቹ ስለዚህ እምብዛም አይጽፉም። እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ ለሰውነት የሚቀርበው ሰዓት ይህ ይመስለኛል፤ አውሮፕላኑ የሚያስቀረውም በመጀመሪያ ይህንኑ ነው።

በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ጋብ ሲል የሥርዓቱ ጊዜ ይደርሳል። ተሳፋሪዎቹ በየተራ ይጠሩና ጃኬታቸውን፣ ቦርሳቸውን፣ የሱሪያቸውን ኪስ በአቧራ መሳቢያ ማሽን ያጸዳሉ። ልብስ የሚይዘውን ተለጣፊ ማያያዣ በመርፌ እየጎረጎሩ ዘር ይለቅማሉ። ቦቲ ጫማቸውን በብሩሽ ፈትገው በፀረ ተሕዋስያን ውኃ ያጥባሉ፤ አዋጁ ለሀብታምም ለአስጎብኚም አንድ ነው። ምክንያቱም በሌላው ዓለም መንገድ ዳር የሚበቅል አንድ ተራ የሣር ዓይነት በሰው ጫማና ዕቃ ተሸጋግሮ በዚያ በረዷማ ደሴት ላይ ሥር ሰድዷል። የወፍ ጉንፋን ደግሞ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ደቡብ ጆርጂያ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ የአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ከደረሰ ወዲህ መሬት ላይ መቀመጥም መንበርከክም ክልክል ሆኗል። ከፔንግዊን አምስት ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። በ1991 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ባወጣው፣ በኋላም የአንታርክቲካ ስምምነት አገሮች በተቀበሉት ደንብ መሠረት ከ500 በላይ ተሳፋሪ የጫነ መርከብ ጭራሽ ሰው አያወርድም፤ በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አይወርድም።

እንግዲህ ትንሽነት ከመስተንግዶ አልፎ ሕግ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አስባችሁታል? በምድር ላይ ገንዘቡ የፈቀደለትን ሁሉ ሲያደርግ የኖረ ሰው፣ ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በከፈለበት ቦታ ላይ እንዳትቀመጥ ይባላል። ደግሞም ይታዘዛል። ጫማውን ራሱ ያጥባል።

በአውሮፕላን የሚሄዱትም ጫማቸውን ያጥባሉ፣ መመሪያውንም ይሰማሉ፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ልባቸው የደከመ፣ ማዕበሉን የማይችሉ ሰዎች ቢበርሩም አልፈርድም። ጥያቄዬ ጤነኛ ሆኖ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ብቻ ለሚበርረው ነው። ለምን ያህል ጊዜ? ቁርሱን ከተማ ውስጥ በልቶ ምሳውን ከበረዶ መካከል የሚበላ ሰው የደረሰበት ቦታ ሩቅ መሆኑን በምን ያውቃል? በካርታ ያውቀው ይሆናል። ያቺ አህጉር ግን እስከ ዛሬ የዳነችው በርቀቷ ነው፤ በዙሪያዋ በሚነጉደው በዚያ ውኃ ነው። ባሕሩን ሳይሻገር የደረሰ ሰው አጥሩን ሳያይ ግቢ ውስጥ እንደተገኘ እንግዳ ነው። ጌታ ባሕሩም የራሱን ምላሽ አያጣም፤ በደሴቲቱ ላይ ያለው ማረፊያ በጠጠር የተነጠፈ ነውና ጭጋግ ሲወርድ አውሮፕላኑ አያርፍም፤ ቀን ቆጣቢው እንግዳ ፑንታ አሬናስ ሆቴል ውስጥ ቀን ሲቆጥር ይሰነብታል።

ከዚህ የከበደ ክርክር ግን አለ፤ እርሱም ማንም ባይሄድስ የሚለው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ10 ሺህ የማይበልጡ ጎብኚዎች ነበሩ። በ2023–24 እ.ኤ.አ. የጉዞ ወቅት ቁጥሩ ከ120 ሺህ አልፏል። በ2022 እ.ኤ.አ. ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ከመርከቦች የሚወጣው ጥቀርሻ በረዶው ላይ አርፎ ሙቀት እንደሚስብ አስልቶ፣ በአማካይ አንድ ጎብኚ 83 ቶን ያህል በረዶ ቀድሞ እንዲቀልጥ ምክንያት ይሆናል ብሏል። ብዙ ሰው የሚያርፍበት ትንሽ መርከብ ብዙ ጊዜ ከተመላለሰ ትንሽነቱ ምን ይረባል? ማነስን የሚሸጥ ነጋዴ ገበያው ሲደራለት የሚሸጠውን ዕቃ ያጣል። ለዚህ መልስ ያለው ኩባንያ እስካሁን አላገኘሁም። እኔም በበኩሌ ሁለቱን ቀናት መከላከሌ ሌላውን ሁሉ መከላከል እንዲመስልብኝ አልሻም። የማዕበሉ ሁለት ቀናት በጉዞው ላይ ካሉት ወንፊቶች አንዱ ናቸው፤ ወንፊቱን በአውሮፕላን ማንሣት የሚያበዛው ያንኑ ቁጥር ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ገደማ መርከቡ የሰሜኑ ውኃና የደቡቡ ውኃ የሚገናኙበትን መስመር ያቋርጣል። መስመሩ በዓይን አይታይም። የባሕሩ ሙቀት ግን በጥቂት ርቀት ውስጥ በበርካታ ዲግሪ ይወርዳል፤ አየሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፣ ጭጋግ ይነሣል። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ ሦስት ሜትር ተኩል የሚደርሰው አልባትሮስ ከመርከቡ ኋላ ክንፉን ሳያርገበግብ ይከተላል። ተሳፋሪዎቹ የመጀመሪያው የበረዶ ተራራ በስንት ሰዓት እንደሚታይ ግምታቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው አስገብተዋል፤ ይህ በብዙዎቹ መርከቦች የተለመደ ጨዋታ ነው። የቀኑ ብርሃን እዚያ ወገብ በበጋ ቶሎ አይጠልቅም። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ሲለይ ሁሉም ወደ ሰገነቱ ይወጣል፤ ከወጥ ቤቱ በር ደግሞ ሁለት ሰዎች ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ብቅ ይላሉ። አይተውት ያውቃሉ፤ ስንት ጊዜ። ቢሆንም አንድ ደቂቃ ያህል ቆመው ያዩትና የእራቱ ሰዓት ስለደረሰ ተመልሰው ይገባሉ።